በረዶ ላይ ለሚጫወት ልጅ ምን ላልብሰው?

ትልቋ ልጄ ዴይኬር (የሕፃናት መዋያ) የገባችው ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀራት ነው። ወቅቱ በረዶ የሚጥልበት ነበር። የዚያን ቀን ያለበስኳትን ዛሬም ድረስ አስታውሳለሁ። ከሥር የጥጥ ካናቴራ፣ በላዩ የጥጥ ቲሸርት፣ ከዚያ ሁለት ሹራብ፣ ከላይ ወፍራም ጃኬት። እግሯ ላይ ሁለት የጥጥ ካልሲ ደርቤ ቦት ጫማዋን በግድ ገፍቼ አስገባሁላት። ክንዷን ማጠፍ አቅቷት እጆቿ ወደ ጎን ተዘርግተው ቀሩ። እኔ ግን ይሄ ሁሉ ልብስ ተደርቦ ብርድ በየት በኩል ይገባል ብዬ ልቤ አርፎ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ልወስዳት ስመጣ ኩርምት ብላ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ጣቶቿ ቀልተዋል። እጄን በአንገቷ በኩል ወደ ጀርባዋ ሳስገባ ካናቴራው በላብ ርሶ ቆዳዋ ላይ ተለጥፏል። ካልሲዋን አውልቄ ስጨምቀው ውሃ ጠብ ጠብ አለ።

እዚያ ዴይኬር በዕድሜ ገፋ ያሉ አንዲት ተንከባካቢ አሉ። ድንጋጤዬን አይተው አጠገቤ ቁጭ አሉና «ልጄ፣ ልብሱ አንሷት አይደለም፣ በዝቶባት ነው። መጀመሪያ አላባት፤ ከዚያ ላቡ አበረዳት» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት የብርድ ወቅት አልፏል። አሁን ትንሹ ልጄም እዚያው ይውላል። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ልብስ ገዝቻለሁ፣ ብዙም ተሳስቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ይሄ ልጅ እስከ ማታ ደረቅ ሆኖ ይውላል ወይ? ስለ ውፍረት ማሰብ ካቆምኩ ቆየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብስ በራሱ ሙቀት አይፈጥርም። ሙቀቱ የሚመጣው ከልጁ ሰውነት ነው። የልብስ ሥራ ያንን ሙቀት ማቆየት ነው። የሚያቆየውም በክሮቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ውሃ ግን ከአየር ወደ 25 እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ሙቀትን ከሰውነት ይወስዳል። ልብሱ ሲረጥብ የአየሩን ቦታ ውሃ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ሹራብ ማሞቁን ትቶ ማቀዝቀዝ ይጀምራል። ልብሱ ሲጠብም እንደዚሁ ነው። ከሥሩ ብዙ ስለተደረበ የተወጠረ ጃኬት አየሩን ጨፍልቆ ያስወጣዋል። የልጄ ሁለት ካልሲም የሠራው ይህንኑ ነው። እግሯን አጣብቆ ደሟ በደንብ እንዳይዘዋወር ከለከለው።

ትንንሽ ልጆች ደግሞ ከእኛ ይለያሉ። ከክብደታቸው ጋር ሲነጻጸር ቆዳቸው ሰፊ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ያመልጣቸዋል። ጨዋታ ከያዛቸው በረደኝ አይሉም። ትንሹ ልጄ ጓንቱ ወልቆ፣ ጣቱ ፍም መስሎ፣ በረዶ ሲዝቅ አግኝቼዋለሁ። «አልበረደህም?» ስለው «እምቢ፣ አልገባም» አለኝ። «ግባ» ያልኩት መስሎት ነው። ስለዚህ ልጁ እስኪናገር አትጠብቁ።

ከቆዳ ልጀምር፣ ምክንያቱም ዋናው ልብስ ቆዳ የሚነካው ነው። እዚህ ላይ ጥጥን ተዉት። ጥጥ ቤት ውስጥ መልካም ነው። ግን ላብ ይጠጣል፣ የጠጣውን ይዞ ይቆያል፣ ለመድረቅም ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። እኔ አሁን የማለብሳቸው ስስ የሱፍ ካናቴራና የሱፍ ታይት ነው። ሜሪኖ የሚባለው ሱፍ ክሩ በጣም ቀጭን ስለሆነ አይኮሰኩስም። ሱፍ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት መጥጦ እንኳ እጅ ሲነካው ብዙም እርጥብ አይመስልም። ቶሎ ስለማይሸትም በየቀኑ ማጠብ አያስፈልገውም። ቆዳው ሱፍ የማይቀበል ልጅ ካለ፣ ወይም የሱፍ ዋጋ ከከበደ፣ ለስፖርት የሚሠራው የፖሊስተር ካናቴራ ጥሩ ምትክ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ልብሱ ውስጥ የተሰፋችውን ጨርቅ ሳታነቡ አትግዙ። አንድ ጊዜ «ለብርድ የሚሆን» ተብሎ የተሸጠልኝ የውስጥ ልብስ ቤት ገብቼ ሳየው መቶ በመቶ ጥጥ ነበር።

በላዩ አንድ ፍሊስ እጨምራለሁ። ፍሊስ ያ ለስለስ ያለ፣ ፀጉር ፀጉር የሚለው የፖሊስተር ሹራብ ነው። ቀላል ነው፣ ቢረጥብም ቶሎ ይደርቃል። ብርዱ ሲጠና ወፈር ያለውን፣ ሲለዝብ ስሱን አደርጋለሁ። ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ ከሆነና ልጁ ሯጭ ከሆነ ደግሞ ፍሊሱን ጭራሽ አልጨምርም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ለእናንተ ከሚበቃችሁ አንድ ልብስ ጨምሩለት» የሚል ነው። ለሕፃን ልጅ ትክክል ነው። ጋሪ ውስጥ ያለ፣ ወይም ገና መራመድ ያልጀመረና በረዶ ላይ ቁጭ የሚል ልጅ ሰውነቱን ስለማያንቀሳቅስ ተጨማሪውን ይፈልገዋል። ኮረብታ ሲወጣ ሲወርድ የሚውል የአራት ዓመት ልጅ ግን ያንን ተጨማሪ ልብስ ወደ ላብ ይቀይረዋል። ልጃችሁን ታውቁታላችሁ፤ በእሱ ልክ አስቡት።

ከሁሉም በላይ የሚለበሰው ውሃና ነፋስ የማያስገባ መሆን አለበት። ልጆች በረዶ ላይ ይቀመጣሉ፣ ይንበረከካሉ፣ ይተኛሉ። የሰውነታቸው ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋል፣ ያ ውሃ ደግሞ መግቢያ ይፈልጋል። ስለዚህ ስትገዙ መቀመጫውንና ጉልበቱን እዩ። ድርብ ጨርቅ ካለው ይበረክታል። ስፌቱን ገልብጣችሁ ተመልከቱ። በጥሩዎቹ ላይ ስፌቱ ከውስጥ በቀጭን ፕላስቲክ ታሽጓል። አንዳንዱ ልብስ ላይ ውሃ የመቋቋም አቅሙ በሚሊ ሜትር ይጻፋል። 10,000 የሚለው በረዶ ላይ ተቀምጦ ለሚውል ልጅ ለእኛ በቅቶናል። የላባ ጃኬት ሲያዩት ያምራል፣ ለደረቅ ብርድም ግሩም ነው። ነገር ግን ላባ ሲረጥብ ይጨመደድና ማሞቁን ያቆማል። ለዴይኬር ሰው ሠራሽ ሙሌት ያለውን እመርጣለሁ።

ወጥ የሆነ የበረዶ ቱታ ይሻላል ወይስ ጃኬትና ሱሪ? ዳይፐር ለሚያደርግ ልጅ ቱታ ነው። ሲያጎነብስ ወገቡ አይገለጥም፣ በረዶም አይገባበትም። ልጁ ሽንት ቤት መሄድ መለማመድ ሲጀምር ግን ቱታው መከራ ይሆናል። ትልቋ ልጄ በዚያ ጊዜ ሁለት ጊዜ ሳይደርስላት ቀርቶ አልቅሳ ነበር። አንደኛው ጊዜ ተንከባካቢዎቹ ሌላ ልጅ ሲያለብሱ የእሷን ዚፕ የሚከፍትላት አጥታ ነው። በማግስቱ ማንገቻ ያለው የበረዶ ሱሪና ለብቻው ጃኬት ገዛሁላት። ማንገቻውን ራሷ ከትከሻዋ ማውረድ ትችላለች። ደረት ድረስ ስለሚደርስም ወገቧ አይጋለጥም።

አሁን ወደ እጅ ልምጣ። እኔ ብዙ የተቸገርኩት በእጅ ነው፤ ሌሎች ወላጆችም ሲያማርሩ የምሰማው ስለ ጓንት ነው።

ጣቶቹ የተለያዩ ጓንት ለትንሽ ልጅ አትግዙ። አውራ ጣት ብቻ ተለይታ አራቱ ጣት አንድ ላይ የሚገቡበትን ድፍኑን ግዙ። ጣቶች ሲነካኩ እርስ በርስ ይሞቃሉ። ማልበሱም ይቀላል። አምስት ትንንሽ ጣቶችን አምስት ቀዳዳ ውስጥ ለማስገባት የታገለ ሰው ያውቀዋል። በሹራብ ክር የተሠራ ጓንት ደግሞ ለጋሪ መንገድ እንጂ ለበረዶ አይሆንም። በረዶው ክሩ ላይ እንደ ዶቃ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ይቀልጥና እጅ ውስጥ ይገባል። ከላይ ውሃ የማያስገባ፣ ከውስጥ ፍሊስ ወይም ሱፍ ያለው ይሁን።

ዋናው ቁም ነገር ግን የጓንቱ እጅጌ ርዝመት ነው። አጭር ጓንት ልጁ እጁን በዘረጋ ቁጥር ከጃኬቱ ይላቀቅና አንጓው ይጋለጣል። በዚያች ክፍተት በረዶ ይገባል። የክንድ አጋማሽ ድረስ የሚደርስ ረጅም ጓንት ፈልጉ። አውራ ጣቷን እንዴት እንደማስገባት ላሳያችሁ። ጓንቱን ሙሉ በሙሉ እከፍታለሁ። ልጁን «አውራ ጣትህን ወደ ሰማይ አንሳ» እለዋለሁ። እጁን ቀስ ብዬ ሳስገባ በሌላኛው እጄ ከውጭ የጓንቱን አውራ ጣት ጫፍ ይዤ እስባለሁ። ጣቱ ቦታዋን ስታገኝ ራሱ «ገባ!» ይላል። ከዚያ እጅጌውን በጃኬቱ ላይ አውጥቼ ላስቲኩን አጠብቃለሁ። ከሥር የሚገባ እጅጌ ያለው ጓንት ከሆነ ግን ከጃኬቱ በፊት መደረግ አለበት። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለተንከባካቢዎቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ጓንት ሁለት ጥንድ መላክ ግድ ነው። ሦስት ከሆነ ደግሞ ደስ ይላል። ጠዋት ወጥተው የረጠበው ከሰዓት በኋላ ሲወጡ አይደርቅም። ያንን እርጥብ ጓንት መልሶ ማድረግ ከባዶ እጅ ብዙም አይሻልም።

እግር ላይ አንድ ካልሲ ብቻ፣ እሱም ሱፍ። ቦት ጫማው ከረጅሙ ጣት ፊት ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ይኑረው። ከውጭ በመጫን ማወቅ ያስቸግራል። እኔ የውስጡን ገበር አውጥቼ ልጁን በካልሲው እላዩ ላይ አቆመዋለሁ። ተረከዙ ከኋላ ልክ ሲሆን ከፊት የተረፈው ቦታ በዓይን ይታያል። ይህን በየወሩ አደርገዋለሁ፤ እግራቸው በብርድ ወቅት መሀል ያድጋል። ገበሩ የሚወጣ ቦት ጫማ ብትገዙ ይሻላል፣ ማታ ማታ ነጥሎ ለማድረቅ ያመቻል። የበረዶ ሱሪው እግር በጫማው ላይ ይውረድ። ከሥሩ ያለችው ላስቲክ ደግሞ በሶሉ ሥር ትለፍ። ያቺን ላስቲክ መጀመሪያ ለምን እንደሆነች ስላልገባኝ ቆርጬ ጥያት ነበር። ሱሪው እየተሰበሰበ በረዶ ጫማው ውስጥ ሲገባ ጊዜ ነው የገባኝ።

ስካርፍ አላደርግም። ይህን በጥብቅ ነው የምናገረው። ልጅ ሸርተቴ ላይ፣ መሰላል ላይ፣ አጥር ላይ ይንጠላጠላል። የአንገት ልብሱ አንድ ነገር ከያዘው ያንቀዋል። በምትኩ በራስ በኩል የሚጠለቅ፣ ቱቦ የመሰለ የአንገት ማሞቂያ አለ። አይፈታም፣ አይንጠለጠልም፣ ብርዱ ሲብስ ወደ አፍንጫ ይሳባል። በጃኬት ኮፍያና አንገት ላይ ያለ ገመድም እንደዚያው ነው። ኢኤን 14682 የተባለው የአውሮፓ የልጆች ልብስ ደረጃ እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች በኮፍያና በአንገት ላይ ገመድ እንዳይኖር ይከለክላል። ከሰው የተሰጣችሁ የቆየ ጃኬት ገመድ ካለው መዝዛችሁ አውጡት። ለብቻው የሚደረገው ኮፍያ ደግሞ ጆሮ የሚሸፍን፣ ከአገጭ ሥር በማጣበቂያ የሚያያዝ ቢሆን እመርጣለሁ።

ስለ መኪና አንድ ነገር ላስገባ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ልጅ ወፍራም ጃኬት ወይም የበረዶ ቱታ ለብሶ በመኪና የልጅ ወንበር ላይ አይታሰር። ግጭት ቢደርስ ሙሌቱ ይጨፈለቅና ቀበቶው ይላላል። ልጁ ከቀበቶው ሊያመልጥ ይችላል። በፍሊሱ ብቻ እሰሩት። ቀበቶው ትከሻው ላይ በሁለት ጣት የማይቆነጠጥ እስኪሆን ድረስ ይጥበቅ። ጃኬቱን ከፊት በኩል ገልብጣችሁ እንደ ብርድ ልብስ ደርቡለት። ዴይኬር ስትደርሱ ማልበስ ነው።

አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ እዚያው አብሬያቸው ዋልኩ። ያ ቀን ብዙ ነገር አስተማረኝ። ሁለት ተንከባካቢዎች አሥራ ሁለት ልጆች ያለብሳሉ። አንዱ ሲለብስ ሌላው ያወልቃል። አንዷ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራለች። አንዱ ሁሉን ለብሶ ሲያበቃ ሽንቴ መጣ ይላል። መጀመሪያ የለበሰው ልጅ የመጨረሻው እስኪለብስ ሞቃት ክፍል ውስጥ ሃያ ደቂቃ ቆሞ ይጠብቃል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ። ልጄ የመጀመሪያ ቀን ያላባት እዚህ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ገና ከበር ሳትወጣ ነው የረጠበችው።

ስለዚህ ልብስ ስመርጥ ለልጄ ብቻ አልመርጥም፤ ለሚያለብሷት ሰዎችም ነው። ቁልፍ የበዛበት፣ ዚፑ እየተቀረቀረ የሚያስቸግር፣ ማሰሪያው የሚወሳሰብ ልብስ የቱንም ያህል ቢሞቅ ዴይኬር አልልክም። ዚፑ ላይ በጓንት የሚያዝ ረዘም ያለ ጨርቅ አስሬበታለሁ። ግራና ቀኝ ጫማ እንዳይቀያየር በውስጥ በኩል ግማሽ ግማሽ ምስል ለጥፌያለሁ። ሁለቱ ሲገጥሙ አንድ ዓሣ ይሆናሉ። ትንሹ ልጄ ዓሣው ካልተሟላ ጫማውን አያደርግም።

የመልበሻ ቅደም ተከተሉም ቤት ውስጥ ሲለመድ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ሽንት ቤት። ከዚያ የበረዶ ሱሪ፣ ከዚያ ጫማ፣ የአንገት ማሞቂያ፣ ጃኬት፣ ኮፍያ። ከጃኬቱ ሥር የሚገባው ዓይነት ካልሆነ ጓንት መጨረሻ ላይ ነው፤ ጓንት ያደረገ ልጅ ዚፕ መያዝ አይችልም። ሱሪው ከጫማ በፊት ካልሆነ ጫማው በሱሪው እግር አያልፍም፣ ሁሉም እንደገና ይወልቃል።

ጃኬቱን ራሳቸው የሚለብሱበት አንድ ዘዴ አለ። ተንከባካቢዋ ናቸው ያሳዩኝ። ጃኬቱ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ዚፑ ተከፍቶ ውስጡ ወደ ላይ ይሆናል። የጃኬቱ አንገት በልጁ እግር በኩል ይሁን። ልጁ ፊት ለፊቱ ቆሞ ያጎነብሳል። ሁለት እጆቹን እጅጌዎቹ ውስጥ ይከታል። ከዚያ እጆቹን ወደ ላይ አንስቶ ጃኬቱን በራሱ ላይ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል። ጃኬቱ ጀርባው ላይ ዱብ ይላል። ትልቋ ልጄ ይህን ስትለምድ ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ሥራ በሌለበት ቀን፣ ጊዜ ሲኖራችሁ፣ እንደ ጨዋታ አለማምዷቸው። ጠዋት በጥድፊያ መሀል ግን አይሆንም፤ ሁለታችሁም ታለቅሳላችሁ።

ስም በሁሉም ላይ ጻፉ። ሁለቱም ጓንት ላይ፣ ኮፍያው ላይ፣ የጫማው ገበር ላይም ጭምር። አሥራ ሁለት ጥቁር ጓንት አንድ ማሞቂያ ላይ ሲደርደር የማን የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። መስቀያው ላይ የሚቀር ቦርሳም ይኑር። የኔ ውስጥ ሙሉ ቅያሪ ከፓንት ጀምሮ፣ ሦስት ካልሲ፣ ተጨማሪ ጓንት፣ ተጨማሪ ኮፍያና ለእርጥብ ልብስ የሚሆን የላስቲክ ከረጢት አለ። አርብ አርብ ቦርሳውን ወደ ቤት አምጥቼ የጎደለውን እሞላለሁ።

ልጃችሁ በርዶት ይሁን ሞቆት ለማወቅ እጁን አትንኩ። እጅና አፍንጫ ውጭ ሲሆኑ መቀዝቀዛቸው የተለመደ ነው። ጣታችሁን ከማጅራቱ ወደ ጀርባው አስገቡ። ሞቅ ያለና ደረቅ ከሆነ ሁሉም ደህና ነው። እርጥብ ከሆነ በዝቶበታል፣ አንድ ቀንሱ። ከቀዘቀዘ ጨምሩ፣ ወይም አስገቡት። ተንከባካቢዎቹም ይህን እንዲያደርጉ መጠየቅ ነውር የለውም።

የአየር ትንበያ ስታዩ ዲግሪውን ብቻ አትዩ፣ ነፋሱንም ተመልከቱ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከሆነ ያልተሸፈነ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 20 ያህል ነው። ከነነፋሱ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 28 አካባቢ ሲደርስ የተጋለጠ ቆዳ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ዴይኬራችሁ ከስንት ዲግሪ በታች ልጆችን እንደማያወጣ ገና በረዶው ሳይጀምር ጠይቁ። የጽሑፍ መመሪያ ካላቸው ተቀበሉ።

ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ ጆሮ ወይም ጣት ላይ ቆዳው ነጣ ካለ፣ ግራጫ ከመሰለ ወይም ሲነኩት ካልተሰማው ውርጭ እየመታው ነው። ቶሎ ወደ ውስጥ አስገቡት። አትሹት። በበረዶ ማሸት የሚባለውንም አትስሙ፣ ይባስ ቆዳውን ይጎዳል። ማሞቂያ ላይም አታስጠጉት፤ የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አያውቅም። ለብ ያለ፣ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ የሆነ ውሃ ውስጥ አቆዩት። ቆዳው እንደ ሰም ከጠነከረ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ልጁ በጣም ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ ከደከመ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለውና ንግግሩ ከተሳሰረ ደግሞ የመላ ሰውነቱ ሙቀት ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው የአስቸኳይ ሕክምና ጥሩ።

ፀሐይ ባለበት ቀን የፊት የፀሐይ ቅባት አትርሱ። አዲስ የወረደ በረዶ የፀሐይን ጎጂ ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ያንጸባርቃል። የልጄ አገጭ ሥር በበረዶ መሀል በፀሐይ ቀልቶ አይቻለሁ።

ማታ ቤት ስንገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ልብሶቹን ማስጣት ነው። የጫማውን ገበር አወጣለሁ። ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቄ ከአንድ ሰዓት በኋላ እቀይረዋለሁ። ጓንቶቹን አፋቸውን ከፍቼ አቆማለሁ። ማሞቂያ ላይ በቀጥታ አላደርግም፤ ሙጫውና ውሃ መከላከያው ይጎዳል። ከላይ የሚለበሰውን ሳጥብ ማለስለሻ አልጨምርም። ማለስለሻ ጨርቁን ውሃ እንዲጠጣ ያደርገዋል። ውሃው እላዩ ላይ ኳስ ሠርቶ መንከባለሉን ሲተውና ጨርቁ ውስጥ መግባት ሲጀምር ውሃ እንዳይጠጣ የሚያደርገውን የሚረጭ ፈሳሽ እገዛለሁ።

ብዙ ወላጅ ከባዱ ብርድ ሲያልፍ ይዘናጋል። እኔም ተዘናግቼ ነበር። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ያለ በረዶ ደረቅ ነው፣ ሲመቱት ይራገፋል። ሙቀቱ ዜሮ ሲደርስ ወይም ሁለትና ሦስት ዲግሪ ሲያልፈው ግን በረዶው ውሃ ይሆናል፣ ግቢው ይጨቀያል። ልጆች ደግሞ ኩሬ ካዩ አያልፉም። ልጆቼ በብርድ የተመቱት በአብዛኛው በዚህ ጊዜ ነው፣ በከባዱ ብርድ አይደለም። ለዚህ ወቅት ሌላ ልብስ አዘጋጅቻለሁ። ለዝናብ የሚለበሰውን የላስቲክ ሱሪና ጃኬት አወጣለሁ። ከሥሩ የሱፍ ካናቴራና ስስ ፍሊስ። ጫማው የላስቲክ ቦቲ፣ ውስጡ ገበር ያለው። ጓንቱ የላስቲክ፣ ከውስጥ ፍሊስ የተነጠፈበት። ይህን ሁሉ አንድ ቁጥር ሰፋ አድርጌ ነው የምገዛው፣ ከሥር ያለው እንዳይጣበቅ። በዚህ ወቅት ቦርሳው ውስጥ ያለውን ካልሲ ከሦስት ወደ አምስት ከፍ አደርጋለሁ። ትናንት ከአምስቱ አራቱ ረጥበው መጡ።